ስለ ጃፓን ተማሪዎች የምሳ ሥርዓት



በአገራችን ማዕድ የልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ልጅ ታላላቆቹን እጅ ያስታጥባል፤ ማዕዱ ሳይባረክ እጁን አይዘረጋም፤ ከፊቱ ካለው አልፎ አይቈርስም። ነገር ግን ልጁ ምሳውን ከእናቱ ቤት ርቆ የሚበላ በሆነ ጊዜ ይህን ሥርዓት ማን ያስተምረዋል? ስለዚህ ነገር የጃፓንን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ሊቃውንቶቻችን ወደ ጃፓን መመልከት የጀመሩት ጥንት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ ጃፓን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ካወጣችው ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደዚያች አገር ተጕዘው ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል።

በዚያው በ1889 በሰሜን ጃፓን በጹሩኦካ ከተማ ሌላ ታላቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት፣ ምሳ ይዘው መምጣት ለማይችሉ የድኾች ልጆች ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና በጨው የተቀመመ አትክልት ማብላት ጀመረ። ይህ ምሳ ለቆቃ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ የአዋሽ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ ሐይቁ ከተንጣለለ ወዲህ፣ ዓሣ ለአካባቢው ምግብም ንግድም ሆኗልና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ረኃብ ጸና። ምሳው በ1946 በውጭ አገር እርዳታ በቶኪዮና በአጐራባቾቿ እንደ ገና ተጀመረ፤ በ1954ም በሕግ ጸንቶ የትምህርት ክፍል ሆነ።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። ተራ የደረሳቸው ልጆች ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው፣ አፋቸውን ሸፍነው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ለሁሉ ሳይደርስ ማንም አይጀምርም። ሁሉም በአንድ ቃል «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ ይኸውም «በትሕትና እቀበላለሁ» ማለት ነው። መምህሩም ከእነርሱ ጋር ያንኑ ምግብ ይበላል። ሲጨርሱ አመስግነው ሳሕኑን ራሳቸው ይሰበስባሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ለድኻ ልጅ ተብሎ የተጀመረው ምሳ የሁሉ ልጅ ምሳ ሆነ። ሀብታሙም ድኻውም ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ ዛሬ ያስተናገደው ነገ ይስተናገዳል። ስለዚህ ማን ድኻ እንደ ሆነ በማዕዱ አይታወቅም። የሥርዓቱም ታላቅ ጥቅም ይህ ነው፤ ሆድን የሚያጠግበው ምግቡ ሲሆን፣ የልጁን ክብር የሚጠብቀው ግን የአበላሉ ሥርዓት ነው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባል። በዚህ ማዕድ ልጆቻችን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ በተራቸው አስተናጋጆችም ቢሆኑ፣ በቤት የተማሩት እጅ ማስታጠብ በትምህርት ቤት አይረሳም።