የቃኘው ሻለቃ ዘማቾችና የሕመም ታሪክ መዝገባችን

በኮርያ ጦርነት ከተካፈሉት የቃኘው ሻለቃ አባላት ዛሬ በሕይወት የሚገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ዘጠና ዓመት ገደማ የደረሱ ወይም የተሻገሩ አረጋውያን ናቸው። ስለ ጀግንነታቸው በርካታ ጽሑፎች ቀርበዋል። በአካላቸው ይዘውት ስለተመለሱት ጉዳት ግን በእኛ በሐኪሞች ዘንድ የተባለው ጥቂት ነው።

ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተመደበ። የተኩስ አቁሙ ስምምነት በሐምሌ 1945 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ሻለቃዎቹ እየተተካኩ ሲዋጉ ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ያ ጦርነት ለቀዶ ሕክምና ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእጅ ወይም የእግር ዋና ደም ቅዳቸው ከተጎዳባቸው ቁስለኞች ግማሽ ያህሉ አካላቸው ይቆረጥ ነበር። በኮርያ የተበጠሰውን ደም ቅዳ መጠገን በመለመዱና ቁስለኛው በሄሊኮፕተር ጭምር በፍጥነት ወደ መስክ ሆስፒታል በመድረሱ፣ ይኸው ቁጥር ወደ 13 በመቶ ገደማ ወረደ። የኢትዮጵያ ቁስለኞችም በዚያው ሥርዓት ታክመዋል። ብርዱ ግን ሌላ ጠላት ነበር። ከደጋ የሄደ ወታደር ቁር ያውቃል፤ ወንዝ የሚያረጋ በረዶ ግን አያውቅም።

ዘማቾቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው። ክብሩ ግን አልዘለቀም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች ያካሄዱት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በክፍሉ አባላት ላይ ጥርጣሬ አሳደረ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም መንግሥቱ የሰሜን ኮርያ ወዳጅ ሲሆን፣ ኮርያ ዘምቻለሁ ማለት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳሊያቸውን የደበቁ ነበሩ። በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የተመረቀው ሐውልት ግን በዚያ ሁሉ ዘመን በስፍራው ቆሞ ነበር።

እንግዲህ ለዓመታት ዝምታን የተማረ ሰው በምርመራ ክፍላችን በራሱ አንደበት «ዘማች ነኝ» ይላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል። በካርዱ ላይ በሥራ መጠየቂያው መስመር «ጡረተኛ» ተብሎ ይጻፋል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ቀድሞ በውርጭ የተጎዳ እግር ከብዙ ዓመት በኋላም ይደነዝዛል፣ ብርድ አይችልም፤ ታሪኩን ያልጠየቀ ሐኪም ሁሉንም በስኳር ሕመም ሊያመካኝ ይችላል። የመስማት ችግርም ከዕድሜ ይልቅ የመድፍ ውጤት ሊሆን ይችላል። የቦምብ ፍንጣሪ በአካሉ፣ በተለይም በዓይኑ ውስጥ የቀረበት ሰው ሳይጠየቅ ወደ ኤምአርአይ ቢላክ አደጋው ግልጽ ነው።

ጥያቄው አጭር ነው፦ «አባቴ፣ ውትድርና ነበሩ? የት ዘመቱ? የቆሰሉበት ቦታ አለ?» በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የተዋጉት፣ ከዚያም በኋላ በሰሜን የዘመቱት፣ ቁጥራቸው ከኮርያ ዘማቾች እጅግ ይበልጣል፤ በየጤና ጣቢያው ተራ ይዘው የሚቀመጡትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።