ከስክራሙ ኋላ የሚቆሙት ሰባት

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከሊምፖፖ ወንዝ ማዶ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይወስደናል፣ አንዳንዴም ባሕር ያሻግረናል፤ ግን ጊዜ አለን፣ ቀስ እያልን እንሄዳለን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በሴፕቴምበር 2017 ስፕሪንግቦክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ተጓዘና፣ ከኦክላንድ ከተማ በስተሰሜን አልባኒ በምትባል ስፍራ ኦል ብላኮች ከሚባለው ከአገሩ ቡድን ጋር ገጠመና፣ 57 ለ 0 ተሸነፈ። ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበር። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ከሜዳ ወጡ፤ አገር ቤት ደግሞ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሕዝብ፣ ሽማግሌውም ልጁም፣ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወደየጉዳዩ ሄደ።

ይህ ሽንፈት ለምን እንዲህ እንዳመመ ለማወቅ 1995ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ጁን 24 ቀን፣ ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ፣ በ1962 እኛ ዘንድ ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ትምህርት የቀሰሙት ኔልሰን ማንዴላ፣ ብዙ ጥቁሮች የጨቋኞቻቸው ምልክት አድርገው ያዩት የነበረውን አረንጓዴ ማልያ ለብሰው ሜዳ ወጡ፤ ቡድኑም ኒውዚላንድን 15 ለ 12 አሸንፎ የዓለም ዋንጫን አነሣ። ያን ቀን አገሩ ሁሉ አብሮ አለቀሰ፣ አብሮም ጨፈረ። ከተሰለፉት መካከል ግን ነጭ ያልሆነው አንድ ብቻ ነበር፣ ቼስተር ዊሊያምስ፤ የሚጫወተውም በሜዳው ጠርዝ፣ በክንፍ ላይ ነበር። ክንፍ ያልኩትን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ራግቢ አሥራ አምስት ሰው ይሰለፍበታል። ስምንቱ ፊት ያሉት ግዙፎቹ ናቸው፤ እነሱ ተቃቅፈውና ራሳቸውን ደፍተው ስክራም በሚባለው ትግል ይገፋፋሉ። ከእነሱ ኋላ ሰባት ሰዎች በአግድም ተዘርግተው ይቆማሉ፣ ይህም የኋላ መስመር ይባላል። ኳሷ በእጅ ወደ ፊት አትሰጥም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ 9 ቁጥሩ ስክራም ሃፍ ኳሷን ከግዙፎቹ እግር ሥር ያወጣታል፣ ከዚያም 10 ቁጥሩ ፍላይ ሃፍ ተቀብሎ እንሩጥ ወይስ እንምታ የሚለውን ይወስናል፣ ከዚያም 12 እና 13 ቁጥር ሴንተሮቹ መሐሉን ሰብረው ለመግባት ይሞክራሉ፣ ከዚያም 11 እና 14 ቁጥር ክንፎቹ በጠርዙ ይበራሉ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ 15 ቁጥሩ ፉል ባክ ብቻውን ቆሞ ከሰማይ የሚወርደውን ኳስ ይጠብቃል። ኳሷን ከተቃራኒው መስመር ማዶ መሬት ያስነካ ትራይ አገባ ይባላል፣ አምስት ነጥብም ያገኛል።

እነዚህን ሰባት መምረጥ ከባድ ነው። ገበሬ ጥንድ በሬ ሲፈልግ ጉልበተኛውን ብቻ አይቶ አይገዛም፣ ከወዲያኛው ጋር እኩል የሚራመደውን ነው የሚፈልገው። የኋላ መስመርም እንደዚያ ነው። አንዱ ግማሽ እርምጃ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ቀዳዳ ይከፈታል፣ በዚያ ቀዳዳም ጠላት ይገባል።

ታዲያ ከአልባኒው ሐዘን በኋላ፣ በ2017 መጨረሻ፣ ራሲ ኢራስመስ የሚባል ሰው ከአየርላንድ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሱ ራሱ ዱሮ ስፕሪንግቦክ የነበረ፣ በአየርላንድም መንስተር የሚባለውን ክለብ ሲያሠለጥን የቆየ ነው። ዣክ ኒናበር የሚባለው፣ በሙያው ፊዚዮቴራፒስት የነበረ የረጅም ጊዜ ወዳጁም አብሮት መጣና የመከላከሉን ሥራ ያዘ። በማርች 2018 ራሲ ዋና አሠልጣኝ ተባለ። የጃፓኑ የዓለም ዋንጫ በሴፕቴምበር 2019 ይጀምራል፤ ጊዜው አጭር ነው፣ ሕዝቡ ተስፋ ቆርጧል፣ በጁንም ከእንግሊዝ ጋር ጨዋታ ይጠብቀዋል።

ራሲም ተቀምጦ ስሞችን መጻፍ ጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ሕግ መንገዱን ዘጋበት። በውጭ አገር ክለብ የሚጫወት ሰው ለብሔራዊ ቡድን ቢያንስ 30 ጊዜ ካልተሰለፈ አይጠራም ይል ነበር ሕጉ። ራሲ የሚፈልገው ስክራም ሃፍ ግን ፋፍ ደ ክለርክ ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ረጅምና ወርቃማ፣ ግዙፎችን የማይፈራ፣ በማንችስተር አካባቢ ሴል ለሚባለው ክለብ የሚጫወት፤ ለአገሩም ገና 11 ጊዜ ብቻ ነበር የተሰለፈው። ራሲ ሄዶ ሹማምንቱን አናገረና ሕጉ ላላ፣ ፋፍም ተጠራ። ለኔ የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ይህች ናት፤ አሠልጣኙ ያሉትን ብቻ ከመደርደር ይልቅ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ አወቀና በሩን ሄዶ አንኳኳ።

10 ቁጥሩን ለሃንድሬ ፖላርድ ሰጠ፤ ፓርል፣ ወይን በሚበቅልበት ሸለቆ፣ የተማረ ነው፣ ከትልልቆቹ የራግቢ ትምህርት ቤቶች ከአንዱ የወጣ፣ በጉዳት ብዙ ጊዜ ያጣ። 12 ቁጥሩን ለዳሚያን ደ አሌንደ፣ 15 ቁጥሩን ለቪሊ ለ ሩ ሰጠ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መራጮች ልጅ የሚያዩት በአብዛኛው በእነዚያ በታወቁት ትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ ነው። ሣሩ የተስተካከለ፣ ማልያው የተተኮሰ፣ አባቶች በጠርዙ ቆመው የሚጮኹበት ሜዳ ነው። ነገር ግን በምሥራቅ ኬፕ፣ ማንዴላ በተወለዱበት አገር፣ ራግቢ በጥቁሮች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ የተወደደ ጨዋታ ነው፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአቧራማ ሜዳ ላይ ይጫወቱታል። የመራጮች ዓይን ግን እዚያ ብዙም አይደርስም ነበር። ደርሶ አንዱን ጥቁር ልጅ ቢያነሣ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው ክንፍ ላይ ነበር፤ ሩጥ እንጂ አስብ የማይባልበት ቦታ አድርገው ያዩት ነበርና። ይህ በደል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሉካንዮ አም የዚያ አገር ልጅ ነው፣ ኪንግ ዊልያምስ ታውን ትባል ከነበረችው ከተማ አጠገብ ካለችው ከዝወሊትሻ። ራሲ ይህን ልጅ 13 ቁጥር አድርጎ መሐል አቆመው። በኒናበር የመከላከል ስልት መስመሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይወነጨፋል፤ መቼ እንደሚወነጨፍ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ፣ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ አይቶ የሚወስነው 13 ቁጥሩ ነው። የመከላከሉ አእምሮ ማለት ይህ ቦታ ነው፣ እሱንም ለአም አደራ ሰጡት።

ለክንፎቹ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው የማያውቁ ሁለት ወጣቶች ተመረጡ። አንደኛው አፊዌ ዲያንቲ ነው፣ እሱም የምሥራቅ ኬፕ ልጅ፤ ትምህርት ቤት ሳለ ሰውነቱ አነስ ያለ ስለ ነበር ከጨዋታው ርቆ፣ ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ነው ዳግመኛ የታየው። ሁለተኛው ስቡሲሶ ንኮሲ፣ ከባርበርተን። አምበልነቱንም ራሲ ለሲያ ኮሊሲ ሰጠው፤ ኮሊሲ የፊት ተጫዋች ነው፣ ግን ያን ሹመት ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ በስፕሪንግቦክ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ሆነ።

ከዚያም ጁን 9 ቀን 2018 ደረሰና ኤሊስ ፓርክ ሞላ። በዚያ ወር ጆሃንስበርግ ክረምት ነው፤ ዝናብ የለም፣ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከተማዋም ከፍ ያለች ናት፣ ከባሕር ጠለል ወደ 1,750 ሜትር፤ አዲስ አበቤ ባይከብደው እንግሊዛዊ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያን ቀን ግን መጀመሪያ ትንፋሽ ያጠረው ባለሜዳው ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንግሊዞች ሦስት ጊዜ ትራይ አገቡና 24 ለ 3 መሩ፤ ሕዝቡም አልባኒን አስታወሰ።

ከዚያ በኋላ ፋፍ፣ ያ ሕግ ያስቀየረው አጭር ሰው፣ ገባና ትራይ አገባ። ከዚያም ንኮሲ አገባ፣ ደግሞም ንኮሲ ሁለተኛ አገባ፣ ከዚያም ለ ሩ አገባ፤ ዕረፍት ሲወጡ 29 ለ 27 ደቡብ አፍሪካ መርታ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽም ዲያንቲ የራሱን ጨመረ፣ 42 ለ 39 አለቀ። አምስቱም ትራይ የገባው በኋላ መስመር ሰዎች እጅ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን፣ ነገር ግን ምርጫ ባንድ ቀን አያልቅም። ማካዞሌ ማፒምፒ የሚባል ሰው ነበር፣ ከኢስት ለንደን የወደብ ከተማ ወጣ ብላ ካለች ጾሎምንቃ ከምትባል መንደር፤ እናቱን፣ እህቱንና ወንድሙን በሞት ያጣ፣ ትምህርት ቤት በእግሩ ረጅም መንገድ እየሄደ የተማረ፣ ከታወቁት ትምህርት ቤቶች በአንዱም ደጃፍ ያልረገጠ። መጀመሪያ ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ 27 ዓመቱ ነበር፤ ያውም ከኤሊስ ፓርኩ ጨዋታ አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ ዋሽንግተን ላይ ከዌልስ ጋር፣ ዋናዎቹ ተጫዋቾች ባልተላኩበት ቡድን ውስጥ፤ ያን ጨዋታም ተሸነፉ። ራሲ ግን ስሙን ከወረቀቱ ላይ አልሰረዘውም።

ሌላም ነበር፣ ቼስሊን ኮልቢ፣ ከኬፕ ታውን ጠርዝ ከክራይፎንቴን። አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን በሰበረችበት በሪዮ ኦሎምፒክ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የ400 ሜትሩን ክብረ ወሰን የሰበረው ዌይድ ቫን ኒኬርክ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እግር በዘራቸው አለ። ኮልቢ ግን ቁመቱ 1.71 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለዚህ ጨዋታ ያንሳል እየተባለ ቆይቶ፣ በ2017 ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቱሉዝ ሄደ። ራሲ ጠራው። በሴፕቴምበር 2018፣ አልባኒ ላይ ከሆነው ልክ በዓመቱ፣ ዌሊንግተን ውስጥ ተቀይሮ ገብቶ የኒውዚላንዶችን ኳስ ከአየር ቀምቶ ትራይ አገባ፤ ዲያንቲም ሁለት አገባ፣ ደቡብ አፍሪካም 36 ለ 34 አሸነፈች።

ዲያንቲ በዚያ ዓመት የዓለም ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ2019 ግን ሰውነቱ ውስጥ የተከለከሉ መድኃኒቶች ተገኙ፤ ሆን ብዬ አልወሰድኩም ቢልም አራት ዓመት ታገደ። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፣ ያሳዝናል።

በጃፓን ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ለ ሩ ኳስ መጣል ጀመረ፤ አገሩ ሁሉ አውጣው፣ አውጣው እያለ ጮኸ። ራሲ አላወጣውም፤ ሌሎቹ እሱ ኋላ ቆሞ ሲመራቸው እንዴት እንደሚረጋጉ ያውቅ ነበርና። ሰው በሳተ ሳምንት መጣል ቀላል ነው፣ አቅሙን ያወቀ ግን ይታገሣል፤ እኔ ከምርጫዎቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ኮልቢ ቁርጭምጭሚቱን ታሞ ግማሽ ፍጻሜው ሲያመልጠው በቦታው የገባው ንኮሲ ነው፣ ዌልስንም 19 ለ 16 አሸነፉ።

እንዲህ ሆኖ ኖቬምበር 2 ቀን 2019 ዮኮሃማ ላይ ሰባቱ ቆሙ፤ ደ ክለርክ፣ ፖላርድ፣ ደ አሌንደ፣ አም፣ ለ ሩ፣ ከክንፎቹም ማፒምፒና ኮልቢ። ከኤሊስ ፓርኮቹ አምስቱ እንዳሉ ናቸው፣ ሁለቱ ክንፎች ብቻ ተቀይረዋል። ለተጫዋቾቹ በማልያቸው ቁጥር ውስጥ የቤተሰባቸው ፎቶ እንዲታተም ተደርጎ ነበር፤ ራሲ በኋላ እንደ ተናገረው፣ የማፒምፒ ቁጥር ውስጥ የነበረው የራሱ ፎቶ ብቻ ነው፣ የሚልከው የሌላ ሰው ፎቶ አልነበረውም።

በ66ኛው ደቂቃ ማፒምፒ በግራ ጠርዝ ኳሷን አየር ላይ አንሥቶ ወደ ፊት መታት፤ ነጥራ አም እጅ ገባች። አም መስመሩ ፊቱ ነው፣ ራሱ ቢሮጥ ማን ይወቅሰዋል? እሱ ግን ዘወር ብሎ ሳያይ ለማፒምፒ መለሰለት፣ ማፒምፒም መሬት አስነካት። ደቡብ አፍሪካ ሁለት ዋንጫ ቀደም ብላ ወስዳ ሳለ፣ በፍጻሜ ጨዋታ ትራይ ስታገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከስምንት ደቂቃ በኋላ ኮልቢ፣ ያ ያንሳል የተባለው፣ የእንግሊዙን አምበል ኦወን ፋረልን አሳስቶ አልፎ ሁለተኛዋን አገባ። ፖላርድ በእግሩ 22 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ 32 ለ 12 አለቀ፣ ኮሊሲም ዋንጫውን አነሣ።

በ2023 በፈረንሳይ ሌላ የዓለም ዋንጫ መጣ። ማፒምፒ ከቶንጋ ጋር ሲጫወት የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሮ ከቡድኑ ወጣ፤ በእሱ ቦታ ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ በጉዳት ምክንያት ከመጀመሪያው ስም ዝርዝር ቀርቶ አገር ቤት የነበረው ሉካንዮ አም ተጠራ።