ከጨውና ከነፋስ ጋር የኖሩ ቤቶች

ሰው ሁሉ ቤቱን የሚሠራው ጠላቱን አይቶ ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ጠላቱ ዝናምና ብርድ ስለ ሆነ ግድግዳውን ያወፍራል፤ ጣራውን ያሾላል፤ መስኮቱን ያጠብባል። በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ግን ጠላቱ ሌላ ነው። ሙቀቱ ቀንና ሌሊት አይለቅም፤ እርጥበቱ ዝናም ሳይኖር እንኳ ልብስን ያጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዐይን የማይታየው ነው፤ ይኸውም ነፋስ ከማዕበል ራስ ላይ እየቀማ ወደ ምድር የሚያመጣው ጨው ነው። ይህ ጨው ብረቱን ያዝገዋል፤ ድንጋዩንም ይፈረፍረዋል። እንጨቱን ደግሞ ሌሊት እርጥበት ሲያሳብጠው ቀን ፀሓይ እያሸማቀቀ ይሰነጥቀዋል፤ ምስጥም በበኩሉ ይጠባበቀዋል።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ቦታ ላይ፣ ነፋስና ፀሓይ በሚያገኘው በቤቱ ፊት፣ ከእንጨት ሰገነት ሠርቶ ከመቶ ዓመት በላይ እንዲቆም ማድረግ እንዴት ተቻለ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ሦስቱ የቀይ ባሕር ወደቦች፣ ወደ ምጽዋ፣ ወደ ስዋኪንና ወደ ጅዳ መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እነዚህ ሦስት ከተሞች በመንግሥት ቢለያዩም በንግድና በግንብ ሥራ ዘመዳሞች ናቸው። ሦስቱም በ16ኛው መቶ ዓመት በኦቶማን ቱርኮች እጅ ገቡ፤ ምጽዋ የተያዘችው በ1557 ነበረ። በ1865 ምጽዋና ስዋኪን ለግብጹ ገዥ ለከዲቭ እስማኤል ተሰጡ፤ ምጽዋን ደግሞ በ1885 ኢጣልያ ያዘቻት። ጅዳ የመካ በር ስለ ሆነች፣ ከሕንድና ከጃቫ ምእመናንንና ሸቀጥን የጫኑ መርከቦች ይጎርፉባት ነበር። ለኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብም ምጽዋ በብዙ ዘመን የባሕር በሩ ነበረች፤ ወርቁና የዝሆን ጥርሱ በእርሷ ይወጣ፣ ሐሩና ቅመሙ በእርሷ ይገባ ነበር። ነጋዴ በሚመላለስበት ቦታ ደግሞ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን አናጢና ግንበኛም፣ ከእነርሱም ጋር ጥበባቸው ይመላለሳል።

በእነዚህ ወደቦች ጥሩ ጥርብ ድንጋይ በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ ሰዎቹ የቤታቸውን ድንጋይ ከባሕሩ ከራሱ ወሰዱ። ይህም ድንጋይ ኮራል የሚባለው፣ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በብዙ ሺህ ዓመት ያነጹት ነጭ ድንጋይ ነው። ለመጥረብ ይቀላል፤ ክብደቱ አነስተኛ ነው፤ ውስጡም በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለ ሆነ ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም። ነገር ግን መልካምነቱ ራሱ ሕመሙን ይዞ ይመጣል። ቀዳዳው ውሃን እንደ ጥጥ ይመጥጣል፤ ከውሃው ጋር ጨው ይገባል፤ ውሃው በፀሓይ ሲተን ጨው ብቻውን ይቀርና እየጠጠረ፣ እየሰፋ ድንጋዩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት የኮራል ግድግዳ ራቁቱን መቆም አይሆንለትም፤ የኖራ ልስን ልብሱ ነው። የኖራ ልስን የዝናሙን ውሃ ከመግባት ሲከለክል፣ ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት ግን እንዲተነፍስ ይፈቅድለታል።

ኮራል ደካማ ስለ ሆነ ግንበኞቹ በእንጨት አጠናከሩት። ግድግዳው ከፍ ባለ ቍጥር በተወሰነ ርቀት ላይ ረጃጅም አግዳሚ እንጨት እያጋደሙ፣ ድንጋዩን በእርሱ ላይ ይደረድሩ ነበር። እንጨቱ የላይኛውን ሸክም ለታችኛው ግንብ እኩል ያካፍላል፤ መሠረቱም በአንድ በኩል ሲሰምጥ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ እንደ መቀነት ይይዘዋል። ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ዘመን ግንበኞችም ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ያንጹ ነበር፤ ራሳቸው ወደ ውጭ ብቅ ያሉት፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ዐጫጭር እንጨቶች በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ይታያሉ። ደገኛውም ባሕር ዳርተኛውም የተረዱት አንድ ነገር ነው፤ ድንጋይ ሸክምን ይችላል፣ መለጠጥን ግን አይችልም፤ የሚለጠጠውን ሥራ ለእንጨት መተው ይገባል።

ታዲያ እንጨቱ ከየት መጣ? በቀይ ባሕር ዳርቻ ደን የለም። ለበሩ፣ ለመስኮቱና ለሰገነቱ የሚሆነው የተመረጠው እንጨት ቲክ ነበረ፤ እርሱም ከሕንድና ከጃቫ በመርከብ ይመጣ ነበር። ቲክ በተፈጥሮው ቅባት ያለው እንጨት ስለ ሆነ ውሃ በቀላሉ አይገባውም፤ ምስጥም ይሸሸዋል። ለጣራ ወራጅ የሚሆነውን ደግሞ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ይሰጣል። የማንግሮቭ አጣና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከላሙ ወገን፣ በወቅቱ ነፋስ በሚሄዱ ጀልባዎች ተጭኖ እስከ ዐረብ አገር ይሸጥ ነበር። በዚያው በላሙ ከተማ የክፍሎቹ ስፋት ከሦስት ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ምክንያቱም ሸክም ሊችል የሚችለው የአጣናው ርዝመት ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ የቤቱን ስፋት የወሰነው የባለቤቱ ሀብት ብቻ ሳይሆን የዛፉም ቁመት ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰገነቱ እንምጣ። በጅዳ ሮሻን ይሉታል፤ በግብጽ መሽረቢያ የሚባለው የዚህ ወንድም ነው። መሽረቢያ የሚለው ስም መጠጥ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የውሃው እንስራ ነፋስ እንዲያቀዘቅዘው በዚያ ይቀመጥ ስለ ነበረ ነው ይባላል። ሮሻን ከግድግዳው ወደ መንገዱ ብቅ ብሎ የተሠራ፣ ፊቱና ጎኑ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈነ ሣጥን መሰል ሰገነት ነው። በውስጡ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ያያል፤ ከመንገድ ያለው ግን እርሱን አያየውም። በጎንና በጎን ክፍት ስለ ሆነም በመንገዱ የሚያልፈውን ነፋስ ይዞ ወደ ክፍሉ ያገባዋል። እንደዚሁም የበጋው ሙቀት ሲበረታ ቤተ ሰቡ የሚያድረው በጣራው ላይ ስለ ነበረ፣ የጣራው ዳር አጥር ከጎረቤት ዐይን እንዲጋርድ፣ ነፋስን ግን እንዳይከለክል ተደርጎ ይሠራ ነበር።

ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ውበቱ ብቻ አይደለም። ሮሻን የሚሠራው ከአንድ ሰፊ ሳንቃ ሳይሆን ከብዙ ትንንሽ ሳንቃና ዘንግ ነው፤ እነርሱም በአብዛኛው እንጨት ከእንጨት ጋር እየተሰካካ ይያያዛሉ። ሰፊ ሳንቃ በሌሊት እርጥበት አብጦ በቀን ፀሓይ ሲሸማቀቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ትንንሹ ግን በመጋጠሚያው ውስጥ ጥቂት መንቀሳቀሻ ስላለው ያብጣል፣ ይሸማቀቃል፣ አይሰነጠቅም። የብረት ምስማር ቢመታበት ጨው ምስማሩን ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እንጨቱን ይከፍተዋል። ከዚህም ሌላ በፍርግርጉ ውስጥ ነፋስ ዘወትር ስለሚያልፍ እንጨቱ ርሶ አይቆይም። አንድ ዘንግ ቢበሰብስ እርሱን ብቻ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። እንግዲህ የዚህ ጥበብ ምሥጢር የማይበሰብስ እንጨት መፈለግ ብቻ አልነበረም፤ የበሰበሰው ክፍል ሌላውን ሳያጠፋ እንዲተካ አድርጎ መሥራት ነበረ።

ይህም ሁሉ ሆኖ የእነዚህ ቤቶች ዕድሜ በሰው እጅ ነበረ። ልስኑ በየጊዜው ካልታደሰ፣ ስንጥቁ በኖራ ካልተደፈነ፣ ኮራሉ ውሃ ይጠጣል፤ አግዳሚው እንጨትም ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይወድቃል። ለዚህ ምስክሯ ስዋኪን ናት። የስዋኪን መግቢያ ጠባብና በኮራል የታጠረ ስለ ሆነ ለትልልቅ የእንፋሎት መርከቦች አልተመቸም። ስለዚህ በ1905 ከስዋኪን በስተ ሰሜን ፖርት ሱዳን የተባለ አዲስ ወደብ መሠራት ጀመረ፤ በ1909ም ተመረቀ። ነጋዴው መርከቡን ተከትሎ ሄደ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ተከተለ። በደሴቲቱ ላይ የነበሩት ያማሩ ቤቶች ባለቤት አጥተው አንድ በአንድ ወደቁ። ዣን ፒየር ግሪንሎ የተባለ በሱዳን የሥነ ጥበብ መምህር የነበረ ሰው የቤቶቹን መልክ በሥዕልና በልክ መዝግቦ በ1976 በመጽሐፍ ባያወጣው ኖሮ፣ ዛሬ አሠራራቸውን ማወቅ በጣም ባስቸገረ ነበር። ስዋኪንን ያፈረሳት ባሕሩ አይደለም፤ ባሕሩ ጥንትም ነበረ። ያፈረሳት የኖራው እጅ መቅረቱ ነው።

ምጽዋ ሌላ መከራ አየች። በ1921 የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶቿን አፈረሰ። ዳግመኛ ከታነጸች በኋላም በ1990 የተደረገው ውጊያና ከዚያ የተከተለው የአየር ድብደባ እጅግ ጎዳት፤ ጠባሳውም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በግንቦቿ ላይ ይታይ ነበር። የጅዳ ዕድል ከሁለቱ ይሻላል። የከተማይቱ ቅጥር በ1947 ከፈረሰ በኋላ ባለጸጎቹ ወደ አዲሱ ሰፈር ቢወጡና ብዙ አሮጌ ቤት ቢፈርስም፣ በ1881 የተፈጸመውን የነሲፍን ቤት የመሰሉ ተርፈዋል፤ አሮጌው ከተማም በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዛሬ በባሕር ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶና ብረት በእጁ አለለት። ይሁን እንጂ ጨው ሲሚንቶውን አልፎ ውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ ብረቱም አብጦ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል። በአሮጌው የኮራል ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስኑም እርጥበቱን በውስጥ አፍነው የድንጋዩን ጥፋት ያፋጥናሉ። የቀደሙት ሰዎች የተዉልን ትምህርት ግን ለዛሬው ሰገነትና አጥርም ይሠራል፤ ቅባት ያለውን እንጨት መምረጥ፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ነፋስ ማሳለፊያ መተው፣ እንጨቱን ከርጥብ መሬት ማራቅ፣ የሚዝግ ምስማር አለመምታት፣ የተጎዳውንም ብቻ ለይቶ መተካት እንዲቻል አድርጎ መግጠም።

ከሁሉ በላይ ግን አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉትን ማሰብ ይገባል። የማይፈርስ ቤት በባሕር ዳር የለም፤ የሚጠበቅ ቤት ግን አለ። የአንድ ዓመት ኖራ ዋጋው ጥቂት ነው፤ የሃያ ዓመት ቸልታ ግን ከተማን ያህል ያስከፍላል። ይህንንም ለመረዳት ንግግር አያስፈልግም፤ በስዋኪን ደሴት ላይ የተከመረው ነጭ ፍርስራሽ ይበቃል።