ጣናን የሚወድ ጉናን ይጠብቅ

ጣናን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ በታንኳ ወደ ደሴቶቹ ሲሻገር፣ ጉማሬ ከውሃው ራሱን ብቅ ሲያደርግና ንስር ዓሣ ለመንጠቅ ሲወረወር አይቶ ልቡ ረክቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ደስታ ከወዴት እንደሚመነጭ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከመልሱ አንዱ ክፍል የሚገኘው ከሐይቁ ዳር ሳይሆን በደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ከጉና ተራራ ነው።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በሰፊ ገበታ እንጂ በጥልቅ ጉድጓድ አይመሰልም፤ ደለልም በቶሎ ይጎዳዋል። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ በኩል ወርደው ሲገቡበት፣ ውሃውን ብቻ ሳይሆን የተራቆተውን የደጋ አፈር ጭምር ይዘው ነው።

ለዚህ ዝምድና ዓሣው ራሱ ምስክር ነው። በጣና ከሚኖሩት የባርበስ ወገን ዓሦች 15 ያህሉ ዓይነት በሌላ የዓለም ውሃ አይገኙም። ከእነዚህም በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ ያሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጡና፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ጭምር ነው።

ሐይቁን የመጠበቅ ታሪክ የቆየ ነው። የደሴቶቹ መነኮሳት በየገዳሙ ዙሪያ ያለውን ዛፍ ስላላስቆረጡ፣ ዳር ዳሩ ሲመነጠር የገዳማቱ ደን ለወፎች መጠለያ ሆኖ ቆየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና ወፎችን ያጠና የነበረው ቺዝማን፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳተመ። በመጨረሻም በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገባው።

ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ፣ ከእርሻ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ ይመግበዋል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ወፎች የሚያርፉበት የፎገራ ረግረግም በእርሻ ምክንያት እየጠበበ ሄዷል።

እንግዲህ የደጋው ሰው ሆይ፤ በተዳፋት እርሻህ ላይ እርከን ስትሠራ፣ በጉና ላይ ያለውን አስታና ጅብራ ከምሳር ስታድን፣ የምትጠብቀው የራስህን ማሳ ብቻ አይደለም። የሐይቁን ዓሣ፣ የባሕሩን ወፍ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣውንም እንግዳ ደስታ ትጠብቃለህ። ወደ ጣና የምትወርድ መንገደኛም ከውሃው ዳር ቆመህ ወደ ምሥራቅ ቀና በል፤ የሐይቁ ዕድሜ የሚለካው በዚያ ተራራ ልብስ ነውና።