አንኮበር፦ ተራራን ምሽግ ያደረገ ቤተ መንግሥት

የአውሮፓ መኳንንት በመካከለኛው ዘመን ለመከላከያ ረጅም የድንጋይ ግንብ ሲያቆሙ፣ የሸዋ ነገሥታት በኋላ ዘመን ከፍታውን ከተፈጥሮ ተቀብለዋል። አንኮበር የደጋው አፋፍ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ቦታ ላይ በመሆኗ፣ ከታጁራ በዓልዩ አምባ ገበያ በኩል የሚወጣውን የሲራራ ነጋዴ መንገድ ለመቆጣጠር አመቺ ነበረች።

በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ፣ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በእንጨት አጥር እንደተከበበና ቤቶቹም ሣር ክዳን እንደነበሩ ጽፏል። እንጨትና ሣር እሳትንም ዝናብንም አይችልም፤ ስለዚህ የምሽጉ ጽናት ከግድግዳው ይልቅ ከገደሉ ነበር። ሆኖም በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አምባው ብቻውን መንግሥቱን አላዳነም።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ከተመለሱ በኋላ አንኮበር እንደገና የንጉሥ መቀመጫ ሆነች፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ግን ማዕርጓ ዝቅ አለ። ከቤተ መንግሥቱ የተረፈው የድንጋይና የኖራ ግንብ ፍራሽ ሲሆን፣ በኮረብታው ላይ በጥንቱ አምሳል የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። አዲሱ አምሳል ለጎብኚ ይጠቅማል፤ የጥንቱን ግንበኛ እጅ የሚመሰክረው ግን ፍራሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይናድ ለክቶና ነድፎ ማስቀመጥ የባለሙያው ድርሻ ነው።