ግልገል ቃኚ

«ስካውት» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ከተማሩት አዛውንት መካከል ካኪ ቁምጣውንና የአንገት ጨርቁን ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ። ላስታ ውስጥ ግን ለአንዲት እናት «የሰባት ዓመት ልጅሽ ስካውት ይግባ» ብትሏት፣ ቀጥሎም የደንብ ልብስ፣ ሰልፍ፣ ሰላምታ፣ መሐላ እያላችሁ ብትዘረዝሩላት፣ «ልጄን ለውትድርና ልትመዘግቡት ነው?» ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። አያቱ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ተመዝግቦ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደውን ወንድማቸውን ያስታውሳሉ። እናቱ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ላሊበላና አካባቢዋ ያሳለፉትን ጦርነት ታውቃለች። ስለዚህ ማኅበሩን ከማስተዋወቅ በፊት ቃሉን ማቃናት ይቀድማል ባይ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር የእናትየው ጥርጣሬ መሠረት አለው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የተወለደው ጦር ሜዳ ነው፤ ከሠራዊቱ ቀድሞ ሄዶ፣ አገሩንና ጠላትን አይቶ የሚመለስ ሰው ማለት ነው። የእንቅስቃሴው መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወልም የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው መጽሐፍ የተጻፈው ለወታደሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ክረምት ግን ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት 20 ያህል ልጆችን፣ የባለጸጋውንም የሠራተኛውንም፣ አንድ ላይ በድንኳን አሳድሮ ያስተማራቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ዱካ መከተል፣ እሳት ማንደድ፣ ገመድ መቋጠር፣ የተጎዳን ሰው መርዳት። ነገሩ ከዚያ ወዲያ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ታናናሾች «እኛስ?» እያሉ ቢያስቸግሩ እ.ኤ.አ. በ1916 ለእነሱም የተለየ ክፍል ተከፈተላቸው፤ ስሙም ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኪፕሊንግ የጫካ ተረት ተወስዶ «የተኩላ ልጆች» ተባለ። ላስታ ላይ ስም የምንፈልገው ለዚህ ለታናናሾቹ ክፍል ነው።

ከትልቁ ቃል እንጀምር። አማርኛ «ቃኘ» የሚል ግሥ አለው፤ ዙሪያውን አየ፣ አስተዋለ፣ ሰለለ ማለት ነው። የራስ መኮንን የፈረስ ስም «አባ ቃኘው» ነበር፤ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እዚህ ድረስ ወታደር ወታደር ይሸታል። ነገር ግን ክራርም ይቃኛል፤ ጅማቱን እያጠበቁና እያላሉ ከድምፁ ጋር ማስማማት ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም እንደያዙ ማን ይረሳል? «ቃኚ» የምንለው ልጅ እንግዲህ የሚያስተውልም፣ ራሱን ከባልንጀሮቹ ጋር የሚያስማማም ሊሆን ነው። አንድ እንከን አለው፤ ለጆሮ «ቅኝ ግዛት»ን ይጠራል። ለማኅበሩ ስም «ስካውት» እንዳለ ይቆይ፣ ለልጁ ግን «ቃኚ» ይሻለዋል የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

የታናሹ ስም ይበልጥ ያስቸግራል። «የተኩላ ልጅ» አይሆንም፤ በእኛ ዘንድ ተኩላ የበግ ለምድ ለብሶ የሚመጣ ነው። «ደቦል» የአንበሳ ነው። «ቡችላ» ብሎ ልጅ መጥራት ስድብ ነው። የሚቀረው «ግልገል» ነው። ግልገል ጊቤ እንደምንለው የአንድ ነገር ታናሹ ማለትም ነው። (ግልገል ሱሪን አንስቶ የሚስቅ አይጠፋም፤ ልጆቹም ቁምጣ ለባሾች ናቸውና ይሳቅ።)

ግልገልን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የላስታ ገበሬ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ከቤት ሳይርቅ ግልገል ይጠብቃል። ጠና ሲል በግና ፍየል፣ ከዚያ ከብት ይከተላል። የስካውት ታናሽ ክፍል የሚቀበለውም በአብዛኛው ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያለውን ነው፤ ከፍ ሲል ወደ ታላላቆቹ ይሸጋገራል። መሰላሉ እዚሁ አገር ነበረ፣ ስም ብቻ ነው ያጣው።

ተኩላውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ከላሊበላ በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጅብራና ጓሳ መካከል፣ ስሙ ቀበሮ ቢሆንም የተኩላ ዘመድ የሆነው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በመላው ዓለም የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 እንኳ አይሞላም፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ለብቻው አይጥ ያድናል። ጎሕ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ግን መንጋው ተሰብስቦ የክልሉን ዳር ዳር ይዞራል፤ ይህ እንግዲህ ቅኝት ካልሆነ ምን ሊባል ነው። ቡችሎቹን የምትመግበው እናታቸው ብቻ አይደለችም፣ መንጋው በሙሉ ያመጣላቸዋል። ኪፕሊንግ የጻፈው ስለ ሕንድ ተኩላ ነው፤ የላስታ ልጅ ግን የራሱን አውሬ ሽቅብ ወጥቶ ሊያየው ይችላል። ባለ በጎች ቀበሮውን በግልገል ሌብነት እንደሚከሱት አውቃለሁ። ያ ክስ ራሱ ለግልገል ቃኚዎች አንድ ቅዳሜ ሙሉ የሚያከራክር ጥሩ ርእስ ነው።

ሌሎቹም ቃላት እንዲሁ መመረጥ አለባቸው። ልጁ ሲገባ ለፈጣሪ፣ ለሌላው ሰውና ለራሱ ያለበትን ግዴታ እንደሚወጣ ይናገራል። ይህን «መሐላ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ላስታ ውስጥ መሐላ በልጅ አፍ የሚቀልዱበት ነገር አይደለም። «ቃል መግባት» ይበቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደየሃይማኖቱ ይገባል። ስድስት ስድስት ሆነው የሚመደቡበትን ቡድን ለሴቶች ልጆች ለማስረዳት «እንደ አሸንድዬ ጓደኞች» ማለት ነው። ነሐሴ 16 አሸንድዬ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከቤት ቤት የሚዞሩት ልጃገረዶች መሪያቸውን የሚመርጡት፣ ያገኙትን የሚካፈሉት ራሳቸው አይደሉም? እንቅስቃሴው መጀመሪያ ለወንዶች ብቻ ነበር፤ ዛሬ በብዙ አገር ሴትና ወንድ አብሮ ይገባል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ለአያት መነገር አለበት፤ ስካውቶች የሚጨባበጡት በግራ እጅ ነው። ቤደን ፓወል ልማዱን ያገኘው ጋሻቸውን በግራ ከሚይዙት የአሻንቲ ጦረኞች ነው ይባላል፤ ጋሻን አስቀምጦ ግራን መዘርጋት አንተን አምንሃለሁ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ግራ መስጠት ነውር ነው። ልጁ ለባልንጀራው ግራውን ይስጥ፣ ለትልቅ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ እንደ አገሩ ሰላም ይበል። ይህን የሚከለክል የስካውት ደንብ የለም።

ዱካ ማንበብን በተመለከተ ከመምህሩ እረኛው ሳይበልጥ አይቀርም። ስካውቶች መንገድ ላይ የሚተዉአቸው ምልክቶች ግን ደስ ይላሉ፤ ቀስት «በዚህ ሂድ» ነው፣ ክብ ውስጥ ያለች ነጥብ «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ናት። ኬንያ፣ ኒዬሪ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የሞተው የቤደን ፓወል መቃብር ላይ የተቀረጸችው ይህችው ምልክት ናት።

ልጅ ከማስመዝገብ በፊት ወላጅ መጠየቅ ያለበት ደግሞ አለ። ልጆቹን የሚይዘው ማን ነው፣ የሚያውቀውስ ማን ነው? አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጅ ጋር የሚቀርበት ጊዜ አለ ወይ? ካለ አይሁን። የደንብ ልብሱን ማን ይገዛል? የአንገት ጨርቅ ብቻ ቢሆን ምን ይጎድላል? ልጁ አልፈልግም ቢል ያለ ወቀሳ ይወጣል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን የሚመጣው ከገጠሩ አባት ነው፤ «እሱ ቅዳሜ እናንተ ጋ ሲውል ግልገሉን ማን ይጠብቅልኛል?» ለዚህ ከከተማ ይዘው የሚመጡት መልስ የለም። ስብሰባው ከትምህርት ቤት ግቢ ወጥቶ ወደ ግጦሹ መስክ ካልሄደ፣ ልጆቹም ግልገሎቻቸውን እየነዱ ካልመጡ፣ ላስታ ላይ ግልገል ቃኚ የሚሆነው የከተማው ልጅ ብቻ ነው።