ዝናቡን የመረመረው ሰው

ከሰማይ የወረደ ውሃ ማን ያቆሽሸዋል? ትሉ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ሮበርት አንገስ ስሚዝ ግን የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ ላቦራቶሪ ያስገባ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሚዝ በ1817 ግላስጎው አጠገብ ተወለደ። ጀርመን ሄዶ ከዝነኛው ኬሚስት ከሊቢግ ዘንድ ተማረና በ1841 ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ ማንቸስተር ከተመ። ማንቸስተር ማለት ያኔ የጥጥ ፋብሪካና የከሰል ጭስ ማለት ናት።

ጭሱን ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያማርራል። ስሚዝ ግን ለካው። በ1852 ባወጣው ጽሑፍ አካባቢውን በሦስት ከፈለው፤ ራቅ ካለው ገጠር አየር ውስጥ የአሞኒያ ካርቦኔት አገኘ፣ ከከተማው ዳር የአሞኒያ ሰልፌት፣ መሃል ከተማ ሲገባ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ። ጥፋተኛው ከሰል ውስጥ ያለው ሰልፈር ነው። የጨርቅ ቀለም የሚያደበዝዘው፣ ብረት የሚያዝገው ይኸው አሲድ እንደሆነም ጻፈ። በ1872 ባሳተመው «አየርና ዝናብ» መጽሐፉም የአሲድ ዝናብ የሚለውን ስም ተጠቀመ።

እሺ፣ መንግሥትስ? በዚያን ጊዜ ከጨው ሶዳ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ወደ ሰማይ ይለቁ ነበር፤ በዙሪያቸው ያለው ዛፍና አዝመራ ይደርቃል። የ1863ቱ ሕግ ከዚህ ጋዝ 95 በመቶውን እንዲያስቀሩ አዘዛቸው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጋዙን ውሃ በሚንጠባጠብበት ማማ ውስጥ ማሳለፍ። ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ራሱ ስሚዝ!

ስሚዝ ባለፋብሪካን ፍርድ ቤት ከመጎተት መምከርን ይመርጥ ነበር። «ለስላሳ ነህ» ብለው የወቀሱት ነበሩ። በእርግጥ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሕጉን አክብረዋል።

ዋናው ጉድ ግን እዚህ ጋ ነው። ሕጉ የከሰሉን ጭስ አልነካም! ስሚዝ መርምሮ ስም ያወጣለት ዝናብ፣ እሱ ተቆጣጣሪ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያለም መዝነቡን ቀጠለ። በ1884 እስኪሞት ድረስ ሥራው ላይ ነበር። ግኝቱም ተረሳ። ስዊድን ሐይቆቿ በአሲድ መበከላቸውን ይዛ በ1972 ስቶክሆልም ላይ ለዓለም ስትጮህ፣ መጽሐፉ ከታተመ ልክ 100 ዓመቱ ነበር።

ስሚዝን ለስላሳ ነበር ብሎ መውቀስ ይቻላል። እኔ ግን የምፈርደው ውጤቱን አንብበው መደርደሪያ ላይ ባስቀመጡት ላይ ነው። ለክቶ፣ ጽፎ፣ ስም አውጥቶ ሰጥቷቸዋል። ከዚህ በላይ ኬሚስት ምን ያድርግ?